የቆሮሶ ቆዳ ቃጠሎ ላይ ይለጠፋል? ከባሕር ዳር ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ባሕር ዳር ተደራጅተን ዓሣ የምንሸጥ ወጣቶች ነን። ለጉላሽና ለኮተሌት ሥጋውን ለይተን ስናወጣ የቆሮሶው (የቲላፒያው) ቆዳ ይቀራል። ሐይቁ ዳር እንጥለዋለን፣ ፔሊካኖቹ ይቀራመቱታል። ብራዚል ውስጥ ሐኪሞች የዚሁ ዓሣ ቆዳ የተቃጠለ ሰው ላይ ሲለጥፉ በቪዲዮ አየን። ቆዳው ውስጥ መድኃኒት አለ ይባላል። እኛስ በጨውና በሎሚ አጥበን፣ ፀሐይ ላይ አድርቀን ለጤና ጣቢያና ለፋርማሲ ብናቀርብ ምን ይለናል? ሰሞኑን ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ የፈላ ውሃ ተደፍቶባት፣ እናቷ አንድ ሁለት ቆዳ ስጡኝ ብላን ነበር። ምን እናድርግ?»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም። ቆዳውን አትስጧት። ልጅቷ እስካሁን ሕክምና ካላገኘች ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ትሂድ። የቃጠሎው ስፋት ከልጅቷ ከራሷ መዳፍ ከበለጠ፣ ወይም ፊት፣ እጅ፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት አካባቢ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ የሚታከም ነገር አይደለም። የአንድ ሰው መዳፍ ከነጣቶቹ ከገላው ቆዳ መቶኛ እጅ ገደማ ነው። ለሕፃን ትንሽ የሚመስለው ቃጠሎ ብዙ ፈሳሽ ከሰውነት ያስወጣል። ለሌላ ጊዜ ደግሞ ይህን ያዙ። ሰው እንደተቃጠለ ወዲያው ለ20 ደቂቃ ያህል ንፁህ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ይደረግለት፤ በረዶ ግን አይሁን። ከዚያ በንፁህ ጨርቅ ላላ አድርጎ ሸፍኖ መውሰድ ነው። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ሊጥ የሚባል ነገር አይቀባ። ውሃ የቋጠረውንም አታፍርጡት።

ጥሬ ቆዳ ለምን እንደሚያስፈራ ቆሮሶ በእጁ የያዘ ሰው ያውቀዋል። የሚያሙለጨልጨው ልጋግ ዓሣውን ይጠብቀዋል፤ ለባክቴሪያም መኖሪያ ነው። ኤሮሞናስ የሚባለው የባክቴሪያ ወገን በሐይቅና በወንዝ ውሃ የሚኖር ነው። የተከፈተ ቁስል ሲያገኝ ክፉ ነው። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባል የቲቢ ዘመድ ደግሞ ዓሣ የሚገፍፉ ሰዎች እጅ ላይ ለወራት የማይድን ቁስል ያወጣል። እናንተ እጃችሁ ላይ ጤነኛ ቆዳ ስላለ ትቋቋሙታላችሁ። የተቃጠለ ገላ ያ አጥር የለውም። ጥሬውን ቆዳ ከላይ ሲለጥፉበት ደግሞ ጀርሙን ከቁስሉ ጋር አፍኖ መዝጋት ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንሂድ። «ቆዳው ውስጥ መድኃኒት አለ» የሚለው ወሬ ከሥሩ መስተካከል አለበት፤ የቀረው ስህተት ሁሉ የሚመጣው ከእሱ ነው። ቆዳው ቁስሉን የሚረዳው በውስጡ በተደበቀ መድኃኒት አይደለም። የሚረዳው በአሠራሩ ነው። ከምን ተሠራ፣ ክሮቹ እንዴት ተደረደሩ፣ ውሃ ምን ያህል ይይዛል፣ ምን ያህል ያስተላልፋል፣ በስንት ሙቀት ይፈርሳል? እነዚህ የማቴሪያል ሳይንስ ጥያቄዎች ናቸው። ባዮኢንጂነሪንግ ሰውነት ላይ የሚውል ነገር ልሥራ ሲል መጀመሪያ የሚጋፈጠው እነሱን ነው።

አንድ የታጠበ የቆሮሶ ቆዳ አንሡና ሳቡት። በአንድ በኩል ስትስቡት ይገትራል፣ በአግድም ስትስቡት ትንሽ ይሰጣል። ውስጡ ባብዛኛው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ሦስት ሰንሰለቶች እንደ ገመድ ተገምደው አንድ ሞለኪውል ይሠራሉ፤ ሞለኪውሎቹ ተሰልፈው ክር ይሆናሉ፤ ክሮቹ ድርብ ድርብ ሆነው እየተጣረሱ ይነጠፋሉ። ጥንካሬው ከዚህ ድርድር ይመጣል። የእኛም ቆዳ፣ ጅማትና አጥንት ዋና ግንባታው ያው ኮላጅን ነው። ቁስል ላይ ሲያርፍ ሰውነታችን እንደ ባዕድ ነገር የማይቆጣበትም በከፊል ለዚህ ነው።

የቃጠሎ መሸፈኛ ከባዱ ሥራው ውሃን መመጠን ነው። ከጤነኛ ቆዳ በአንድ ካሬ ሜትር በቀን 200 ግራም ገደማ ውሃ ይተናል። ክፍት ሆኖ ሥጋ እያበቀለ ካለ ቁስል ግን እስከ 5,000 ግራም ሊተን ይችላል። ምንም የማያሳልፍ ላስቲክ ብታለብሱት ፈሳሹ ከሥር ይጠራቀምና ቁስሉ ይበሰብሳል። ሁሉን የሚያሳልፍ ስስ ጎዝ ብታደርጉበት ይደርቅና ይጣበቃል። ጎዙ ሲነሳ አዲስ የበቀለው ቆዳ አብሮ ይነሳል፤ ልጆች ፋሻ ሲቀየርላቸው የሚጮኹት ለዚህ ነው። ጥሩ መሸፈኛ በሁለቱ መካከል ነው፤ በቀን 2,000 እስከ 2,500 ግራም ያህል የሚያሳልፍ ይመከራል። በትክክል የተዘጋጀ የዓሣ ቆዳ እርጥበት ይጠብቃል፣ ቁስሉ ላይ ይጣበቃል፣ የተጋለጡትን ነርቮች ከአየርና ከንክኪ ይከልላል። ሕመም የሚያስታግሰው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ቆዳው የሰው ቆዳ ሆኖ ይበቅላል የሚለው ነው። አይበቅልም። በብራዚል፣ በፎርታሌዛ ከተማ የሴአራ ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩበት ዘዴ ጊዜያዊ መሸፈኛ ነው። ውጫዊ በሆነ የሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ ላይ ይለጠፋል፣ አሥር ቀን ገደማ ይቆያል። ከሥሩ የሰውየው የራሱ ቆዳ ሲተካ እሱ ደርቆ ይላቀቃል። ውለታው ሰውየው ያን ሁሉ ቀን ፋሻ ሳይቀየርለት መቆየቱ ነው። ጥልቅ ቃጠሎ ላይ ግን ዋጋ የለውም። ቆዳው እስከ ሥሩ ከሞተ፣ ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ ሲነካ የማያም ከሆነ፣ የሞተው ተነስቶ ከራሱ ገላ የተወሰደ ቆዳ ይተከልለታል። እሱን የሚሠራው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ብቻ ነው።

ሰውነት ተቀብሎት የሚቀር ነገር የሚፈልጉ ሰዎች የሄዱት በሌላ መንገድ ነው። የአይስላንዱ ኬረሲስ ኩባንያ ኮድ ከሚባለው የባሕር ዓሣ ቆዳ ሴሎቹን አጥቦ ያወጣል። የሚቀረውን የኮላጅን መረብ አቀዝቅዞ ያደርቀዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቅዶለታል። በዚያ መረብ ቀዳዳዎች ውስጥ የታካሚው ሴሎች ይገባሉ፣ የደም ሥር ይዘረጋሉ፣ መረቡ ቀስ በቀስ ሟሙቶ ይተካል። ለዚህ መንገድ የጠረጉት መሐንዲሱ ኢዮአኒስ ያናስና የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ጆን በርክ ናቸው። በ1981 እ.ኤ.አ. ከላም ኮላጅንና ከሻርክ የተገኘ ሌላ ንጥረ ነገር ቀላቅለው፣ ከላይ ስስ ሲሊኮን አልብሰው ሰው ሠራሽ ቆዳ ለተቃጠሉ ሰዎች አዋሉ። ሥራው ሲጠና ውጤቱ በቀዳዳው ስፋት እንደሚወሰን ታወቀ። ቀዳዳው በ20 እና በ120 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺህኛ) ገደማ መካከል ሲሆን መረቡ ጥሩ ሠራ። ከዚያ ሲጠብ ሴል አይገባም፤ ሲሰፋ ሴል የሚይዘው ነገር ያጣል። ኮላጅኑ ያው ሆኖ ሳለ ቀዳዳው ብቻ ተለውጦ ውጤቱ ሌላ ሆነ። ይህን ለተማሪ ሁሉ ደጋግሜ የምነግረው ነው፤ ጥሬ ዕቃው ብቻውን ምንም አይደለም።

ለዚህ ነው የጨውና የሎሚው ሐሳብ ያሳሰበኝ። ሎሚ ያጸዳል ብላችሁ ነው፤ ገባኝ፤ ለወጥ ቤት ልክ ነው። ኮላጅን ግን አሲድ ሲነካው ውሃ ይጠጣና ያብጣል፣ ክሮቹ ይላላሉ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ኮላጅንን ከቆዳ አሟሙቶ ለማውጣት የሚሠራበት ዘዴ ራሱ በቀጭን አሲድ መዘፍዘፍ ነው። እናንተም የምታደርጉት ያንኑ በግማሽ ነው፤ መሸፈኛው ከመድረሱ በፊት ማፍረስ። ጨው ውሃውን ስቦ ጀርም እንዳይራባ ያደርጋል፤ ያለውን ሁሉ ግን አይገድልም። ጨው የለመዱ ባክቴሪያዎችም አሉ፤ ጨው የተደረገበት ቆዳ ላይ ቀይ ሆነው የሚታዩት እነሱ ናቸው።

ፀሐዩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የዓሣ ኮላጅን የሚፈርስበት ሙቀት ዓሣው ከሚኖርበት ውሃ ጋር ይሄዳል። በበረዷማ ባሕር የሚኖረው የኮድ ኮላጅን ሟሙቶ ሲለካ በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈርሳል። የሞቀ ውሃ ዓሣ የሆነው የቆሮሶ ደግሞ በ30ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። የላም ወደ 40 ይጠጋል። ሳይሟሟ በቆዳው ውስጥ እንደተሰፋ ሲሆን ከዚህ የበለጠ ይችላል። ቢሆንም እርጥብ ቆዳ በቀትር ፀሐይ በጋለ ቆርቆሮ ላይ ስታሰጡት ዳር ዳሩ መፍረስ ይጀምራል፤ ተጨማድዶ፣ ጠንክሮ፣ እንደ ሙጫ አብለጭልጮ ታገኙታላችሁ። ያ ኮላጅኑ ፈርሶ ጄላቲን የሆነው ክፍል ነው። ቁስል ላይ ሲረጥብ ይሟሟል።

እዚሁ ጣና ደሴቶች ገዳማት ውስጥ ያለውን ብራና አስቡት። ብራና ያልለፋ፣ በፍሬም ተወጥሮ የደረቀ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው፤ እሱም ኮላጅን ነው። በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት የቆየው ደረቅ ስለሆነና በሥርዓት ስለተወጠረ ነው። ውሃ ቢነካው ግን ይጨማደዳል። ቁስል ሁልጊዜ እርጥብ ነው። እዚያ የሚውለው ቆዳ ደግሞ እርጥብ ሆኖ፣ ሞቆ፣ ሳይፈርስና ሳይበሰብስ አሥር ቀን መቆየት አለበት። ደረቅ ሆኖ ከመቆየት ይህ በጣም ይከብዳል።

ከሁሉ የከበደው ጀርም ማምከን ነው። «ሆስፒታል አውቶክሌቭ አለ አይደል?» የሚል ሰው አይጠፋም። አውቶክሌቭ በ121 ዲግሪ እንፋሎት ነው የሚሠራው። ለመቀስና ለጎዝ ግሩም ነው። የዓሣ ቆዳ ብታስገቡበት ግን የሚወጣው ሾርባ ነው። ማፍላትም ያው ነው። አልኮል ውስጥ ብትነክሩት ባክቴሪያውን ይቀንሳል እንጂ ስፖር የሚባለውን እንቅልፍ ላይ ያለ ዘር አይገድልም። ስለዚህ የብራዚሎቹ ዘዴ እንዲህ ነው። ሥጋውንና ቅርፊቱን አጽድተው ቆዳውን ክሎርሄክሲዲን በሚባል ጀርም ገዳይ ያጥቡታል። ከዚያ መጠኑ እየጨመረ በሚሄድ ግሊሰሪን ውስጥ ደረጃ በደረጃ ይዘፈዝፉታል። ግሊሰሪኑ ውሃውን ተክቶ ይገባል፤ ቆዳው ሳይደርቅ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፣ ጀርም የሚራባበት ውሃም አያገኝም። በመጨረሻ አሽገው በጋማ ጨረር ያመክኑታል። በጨረር ለሚመክኑ የሕክምና ዕቃዎች የተለመደው መጠን 25 ኪሎግሬይ (የጨረር መለኪያ) ነው። ጨረሩ ራሱ የኮላጅኑን ሰንሰለት ይቆርጣል፤ ስለዚህ መጠኑ ሲበዛ ቆዳው ይሳሳል፣ ሲያንስ ጀርም ይተርፋል። ይህን ሚዛን ቆዳውን በማሽን ስቦ፣ ጀርሙን አብቅሎ እየለኩ እንጂ በዓይን አይቶ መወሰን አይቻልም። እንዲህ የተሠራው ቆዳ በፍሪጅ ሁለት ዓመት ይቆያል።

ሌላም ልዩነት አለ። የብራዚሉ ዓሣ በኩሬ የሚረባ ነው፤ ምን እንደበላና በምን ውሃ እንዳደገ ይታወቃል። የጣናው የተለቀቀ ዓሣ ነው። ከደልጊ በኩል የመጣውና የከተማ ፍሳሽ ከሚገባበት ዳርቻ የተያዘው አንድ ቅርጫት ውስጥ ይገናኛሉ። ለምግብ ይህ ብዙም አያሳስብ ይሆናል፤ ይጠበሳል። ለቁስል ግን ከየት፣ መቼ፣ በማን ተያዘ የሚለው ካልተመዘገበ ሥራው ገና ሳይጀመር አለቀ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ጥያቄያችሁ ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ብዙ ሰው ሊጠይቀው ሲገባ ዝም ያለው ነው። ዓሣ ከላምና ከአሳማ የሚሻልበት ነገርም አለው። የአጥቢ እንስሳ ቆዳ ወደ ሰው የሚተላለፍ ቫይረስ ሊይዝ ስለሚችል በከባድ ኬሚካል ይታጠባል፤ ያ መረቡን ይጎዳዋል። ከዓሣ የሚመጣው የዚህ ዓይነት ሥጋት በጣም ያነሰ ስለሆነ በቀላሉ ይታጠባል። የአሳማ ነገር በእኛ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እንደማይቀበለው የታወቀ ነው፤ ዓሣ ላይ ያ ችግር የለም። ዓሣ የሚያሳብጠው ሰው ግን ሊነካው አይገባም።

ያላችሁ አማራጭ ምንድን ነው? የሰው መሸፈኛ መሥራት ከአማራጮቹ ሁሉ ሩቁ ነው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ፣ የመርዛማነትና ሰውነትን የማስቆጣት ምርመራ፣ ንፁህ ክፍል፣ ማምከኛ፣ በሐኪሞች የሚመራ ጥናት ይፈልጋል። ከዚያ ሁሉ በኋላም የሚወዳደረው ሆስፒታሉ በርካሽ ከሚያዘጋጀው ቫዝሊን ጎዝ ጋር ነው። የዓሣ ቆዳው የሚያሸንፈው የፋሻ መቀየሪያ ቁጥርን ከቀነሰ ብቻ ነው። ኮላጅን ወይም ጄላቲን አውጥቶ መሸጥ መሐል ላይ ነው። የጥራት ደረጃው ለምግብ፣ ለመዋቢያና ለቤተ ሙከራ ይለያያል፤ ትርፉም እንዲሁ። ቀላሉ ቆዳ ማልፋት ነው። የዓሣ ቆዳ ለጫማ፣ ለቦርሳና ለቀበቶ ያምራል፤ የቅርፊቱ ኪስ የራሱ ንድፍ አለው። ማልፋትም በኬሚስትሪው የኮላጅኑን ክሮች እርስ በርስ ማሰር ነው። በክሮም የለፋ ቆዳ የፈላ ውሃ ይችላል። ታዲያ እንዲህ ጠንካራ ከሆነ ለምን ቁስል ላይ አይሆንም ብላችሁ እንዳታስቡ። ክሮሙ ለቁስል መርዝ ነው፤ እንዲያ የታሰረውን ክር ደግሞ ሰውነት ሊያሟሟው አይችልም።

የእኔ ምክር ቁርጥ ነው። ቆዳ ለጤና ጣቢያም፣ ለፋርማሲም፣ ለጎረቤትም ለቁስል ብላችሁ አትስጡ፤ በነፃም ቢሆን። በዚህ ዓመት የምትሸጡት ነገር ንፁህ ጥሬ ቆዳ ይሁን እንጂ መሸፈኛ አይሁን። ዓሣው እንደተገፈፈ ቆዳውን ሆድ ዕቃ ካረፈበት ጠረጴዛ ለዩት። በንፁህ ቀዝቃዛ ውሃ አጥባችሁ በሰዓቱ በረዶ ውስጥ አስገቡት፣ በዚያው ቀን አቀዝቅዙት። ቢላው ላይ ተጠንቀቁ፤ አንድ ቀዳዳ ያለበት ቆዳ ለማልፋትም ለምርምርም ዋጋው ይወድቃል። ከጭራ ጀምሮ ቢላውን አስተኝቶ ቆዳውን መሳብ ይሻላል። በየከረጢቱ ላይ ቀኑንና የተያዘበትን ቦታ ጻፉ። ሙሉው ጥብስ ከነቆዳው ስለሚሄድ በቀን ስንት ቆዳ እንደምታገኙ ሳትለኩ ለማንም ቃል አትግቡ። ቆዳ ገዢ መጣ ተብሎ ደግሞ ያልደረሰ ቆሮሶ በጠባብ መረብ እንዳይወጣ፤ ጣና ላይ ያለው ጫና አሁንም ከበቂ በላይ ነው።

ያን የያዘ ማኅበር ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ሄዶ ማነጋገር የሚችለው ሰው አለ። ናሙናችሁን ይዛችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፤ ኮላጅኑ በስንት ዲግሪ ይፈርሳል፣ ቆዳው ተስቦ በስንት ይበጠሳል? እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በክረምትና በበጋ ከተለኩ፣ የጣና ቆሮሶ ከኩሬው የሚለይበትና የማይለይበት ይታወቃል። ከዚያ በኋላ መሸፈኛ የመሥራት ሐሳብ ከመጣ መጀመሪያ በእንስሳት ሐኪም እጅ ይሞከር። በ2017 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ በሰደድ እሳት መዳፋቸው የተቃጠለ ድቦች በዚሁ ዓሣ ቆዳ ታክመዋል። እኛ ጋ ደግሞ ገጣባ አህያ በየመንገዱ አለ፤ ጭነትና ኮርቻ የላጠው ጀርባ ነው። በሥነ ምግባር ኮሚቴ ተፈቅዶ፣ በሐኪም ክትትል፣ በመከነ ቆዳ ቢሞከር ለአህያውም እፎይታ ነው፣ ለእናንተም መረጃ ነው። አህያውም ቢሆን ግን ጥሬ ቆዳ አይለጠፍበት። ቁስሉ ካልጸዳ፣ ጭነቱም ካልቀረለት ደግሞ የትኛውም መሸፈኛ አያድነውም።

እስከዚያ የማትሸጡትን ቆዳ ሐይቁ ዳር መጣል አቁሙ። ራቅ ባለ ቦታ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ከገለባ ጋር ብታብላሉት ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ይሆናል። ለእሱ ፈቃድም ማሽንም አያስፈልግም፤ ነገ ጠዋት መጀመር ትችላላችሁ።